ከበሩ ሥር የወጣው ቡቃያ

ለአራተኛ ክፍል ልጆች ተክል ብርሃንን እንዴት እንደሚከተል ሳስተምር የምጀምረው በጫማ ካርቶን ነበር። ካርቶኑን በአንድ ጎኑ እንበሳዋለን፤ ባቄላ የበቀለበትን ጣሳ ውስጡ እናስቀምጥና ክዳኑን ገጥመን እንተወዋለን። ቆይተን ስንከፍተው ባቄላው ወደ ቀዳዳዋ አንገቱን አስግጎ ይገኛል። ልጆቹም በየዓመቱ አንድ ነገር ይላሉ፦ «ቲቸር፣ አየው! ዓይን አለው!»

«ዓይን የለውም» እላቸዋለሁ። «አንገቱንም አላዞረም። ብርሃን ያላገኘው ጎኑ ብርሃን ካገኘው ጎኑ በልጦ ስለሚረዝም ነው የሚጎብጠው። እኛ በእግራችን እንሄዳለን፤ ተክል የሚሄደው በማደግ ነው። ስለዚህ የሄደበት መንገድ ገላው ላይ ይቀራል። ጣሳውን ብታዞሩት አዲሱ ጫፍ ይዞራል እንጂ የድሮው ጉብጠት አይቃናም።»

ይህን መገናኛ አጠገብ በነበረ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። አንድ ቀን የገዛ ቤቴን ወሬ የሚነግረኝ ይኸው ትምህርት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በዚያ በደርግ ዘመን የምኖረው ቦሌ ነበር። ቦሌ ስል ቪላው ውስጥ እንዳይመስላችሁ። ቪላው በትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሶ መሥሪያ ቤት ሆኗል፤ ከጀርባው የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ሠራተኞች ያድሩባቸው የነበሩ ሦስት ክፍሎች አሉ። ሁለቱን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ያከማችባቸዋል። ሦስተኛዋ የእኔ ነበረች። አንድ በር፣ አንድ መስታወት የሌለው የእንጨት መስኮት። መስኮቱ ሲዘጋ ቤቱ ድቅድቅ ይላል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ነው፣ በሩ ከወለሉ ጣት ያህል ያጥር ስለነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲመጣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ጸሎቴን አቋርጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እግዚአብሔር አይሰማኝም ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴን ስለማልሰማ ነው።

ከአጋሜ ተራሮች ወርጄ በአዲስ አበባ ዘመድ የምለው ሰው አልነበረኝም። ትምህርት ቤት የውይይት ክበብ አለ፣ ስለ ሃይማኖት የሚባለው ይባላል፤ ማተቤን ከሸሚዜ አንገትጌ ሥር ደብቄ ውዬ ቤቴ ስገባ ነበር የማወጣው። ደጄን ዘግቼ እኔን የምሆንባት ያቺ ክፍል ብቻ ነበረች። ሌላ ንብረት ብባል አልቆጥርም።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች። በኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር አብረን ነበርን። በየወሩ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ጽዋውን ይባርካሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንጠጣለን፣ ተራዋ የደረሰ ሴት ጽዋውን ይዛ ሄዳ የሚቀጥለውን ወር በቤቷ ትደግሳለች። የማኅበሩ ሕግ አንድ ነው፦ ቂም የያዘ አይጠጣም። እኔና እሷ በዚያ ጽዋ ከዘመድ በላይ ሆንን። ትኩሳት ሲይዘኝ አጥሚት ይዛ የምትገባ እሷ፤ ባሏ ሲሞት ወንበር ይዤ ደጇ ላይ እንግዳ ያስተናገድኩ እኔ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ስቃ ስትጨርስ ዓይኗ ብቻውን ትንሽ እየሳቀ ይቆያል።

በጥር ወር ከአገሬ የመጣ ነጋዴ መልእክት አደረሰኝ። «እናትሽ ደክመዋል» አለኝ። «ዓይናቸው በር በሩን ነው የሚያየው።»

በዚያን ጊዜ ወደ ሰሜን መሄድ ቀላል አልነበረም። መንገዱ በወታደር አጀብ ነው የሚታለፈው፤ አጀቡ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር፤ ተዘግቶ የቆየ የቀበሌ ቤት ለቤት ፈላጊ ይሰጣል። የቀበሌው ጸሐፊ፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፣ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ቤቱን የሚጠብቅልሽን ሰው አምጪና ይመዝገብ። ሁለት ሰው ይመስክር። ኋላ አፍ እንዳይበላሽ» አሉኝ።

ሄጄ ነገርኳት። ሳቀች፤ አፏን ሸፈነች።

«ጽዋ የጠጣን ሰዎች ቀበሌ ሄደን እንፈራረም? እስቲ ሙች በይኝ!»

«እሳቸው ናቸው ያሉኝ...»

«እሳቸው ባለ ማኅተም ናቸው። እኔ እህትሽ ነኝ። ቁልፉን አምጪ። ጠዋት መስኮትሽን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው አድራለሁ። ሰው የሚኖርበት ቤት መሆኑን ማን ይክዳል? ይልቅ ለእማማ ሻይ ቅጠል ይዘሽላቸው ሂጂ።»

አፈርኩ። በአንድ ጽዋ የጠጣችን ሴት ምስክር ይጠራባት ማለት ጽዋውን መጠርጠር መስሎ ታየኝ። ቁልፉን ሰጠኋት፤ እሷም ከማተቧ ጋር አሰረችው። በዚያ ሳምንት ለዐቢይ ጾም ይሆነኛል ብዬ አንድ ቅርጫት ድንች ገዝቼ ነበር፤ ለጾሙ እደርሳለሁ በሚል ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬው ሄድኩ።

ለጾሙ አልደረስኩም። እናቴን በሕይወት አገኘኋት፤ ያመጣሁላትን ሻይ ቀምሳ «ጥሩ ነው፣ ግን የከተማ ውኃ ይሸታል» አለች፤ ውኃው የገዛ ምንጯ ነበር። በጾሙ መሐል አረፈች። አርባዋን ሳላወጣ የትም አልሄድም ብዬ ቆየሁ። አርባዋ ሲወጣ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። አጀቡ ተነስቶ ደሴ ስደርስ ሰማዩ የክረምት ደመና መቋጠር ጀምሮ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ያጽናናችኝ አንድ ሐሳብ ነበረች፦ ቤቴ አለች፤ በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ በቀጥታ እሷ ቤት ሄድኩ። ስታየኝ ጮኸች። ነጠላዋን አገልድማ እናቴን እንደ እናቷ አለቀሰችልኝ፤ እኔም ትከሻዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ቤቷ ውስጥ ከክፍለ ሀገር የመጣች ታናሽ እህቷ ሕፃን ይዛ ተቀምጣለች፤ ባል እንደተለያት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ሕፃኑ ጨቅላ ነው፣ ገና አንገቱ አልጸናም። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታ ሰጠችኝ።

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅኩልሽ» አለች። «ዛሬ ጠዋት እንኳ መስኮቱን ከፍቼ አናፍሼልሻለሁ። አብሬሽ እንዳልመጣ ይኸው ሕፃን ይዘናል።»

ደጄ ስደርስ ደፉ ላይ፣ በሲሚንቶውና በበሩ መካከል፣ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። አረም መሰለኝ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ቁልፉን አዙሬ ስገፋው አንድ ለስላሳ ነገር ተጎተተና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላም ተሰበረ። ቤቱ እርጥበት እርጥበት፣ አፈር አፈር ይሸታል። መስኮቱን ከፈትኩና አየሁ።

ድንቹ ነበር። በቅርጫቱ ውስጥ እንደ አሮጊት ጡት ሟሽሾ፣ ከዓይኑ ሁሉ ቡቃያ አውጥቶ፣ ቡቃያው ወለሉን አቋርጦ እስከ በሩ ደርሷል። ነጭ ነው፣ እንደ ሻማ። ከበሩ ሥር ሾልኮ የወጣው ጫፉ ብቻ ብርሃን ስላገኘ አረንጓዴ ቅጠል አብቅሏል። ደጄ ላይ አረም የመሰለኝ እሱ ነው።

ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ለመጸለይ አልነበረም፤ ለማየት ነው። አንዱን ቡቃያ ከሥሩ ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩት። ከድንቹ እንደወጣ ያለው ክፍል ወፍራምና አጭር ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ላይ ወደ መስኮቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ መጀመሪያ መስኮቱ ይከፈት ነበር። ከዚያ ድንገት ይታጠፋል። ከእጥፋቱ በኋላ ያለው ሁሉ ቀጭን፣ ነጭ፣ ረዥም ነው፤ በጨለማ የሚያድግ ተክል እንደሚሆነው ብርሃን ፍለጋ ብቻ ይረዝማል፣ አይወፍርም፣ ቅጠልም አያወጣም። ራሱን መሸከም አቅቶት ወድቋል፤ ወድቆም ወደ በሩ ስንጥቅ ተስቧል። በሩም ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም፤ ቢከፈት ኖሮ ዛሬ ለእኔ የተሰበረው ያኔ ይሰበር ነበር።

ልጆቹን «የሄደበት መንገድ ገላው ላይ ይቀራል» እላቸው የለም? እጥፋቱ ላይ ጣቴን አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከመጀመሪያው ከድታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በመጀመሪያ ታማኝ ነበረች። እየመጣች መስኮቴን ስትከፍት ነበር። አንድ ቀን ተወች።

ትንሽ ቆይታ ዳቦ ይዛልኝ መጣች፤ ወለሉን ጠርጌ ነበር።

«መስኮቱ ዛሬ ተከፍቶ ነበር አልሽኝ?» አልኳት።

«ታዲያስ! ምነው?»

«አይ፣ ድንቹ በቅሏል።»

«ድንች አይደል! ምን ሥራ አለው፣ ይበቅላል እንጂ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ እንደ ወትሮው አልቆየም፤ ወዲያው ወደ በሩ ሄደ።

በማግሥቱ ከቀበሌ መልእክተኛ መጣ፤ እሑድ ከስብሰባው በኋላ የቤትሽ ጉዳይ ይታያል አለኝ። ቤቱ ተዘግቶ ቆይቷል ተብሎ ተነግሮበታል፣ የጠየቀውም ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ረዥሙን ቡቃያ እስከ እጥፋቱ ከነድንቹ በጋዜጣ ጠቀለልኩና ከመጽሐፌ ጎን ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። አደራ ተቀብላ እንዳልጠበቀችው በሰው ፊት ላሳያት ነበር ሐሳቤ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። መፈክሩ ተባለ፣ እጅ ተነሣ፣ የዘይት ወረፋ ጉዳይ ታየ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ተራዬን ጠራ። ገና ከመነሣቴ ከኋላ አንዱ «መምህርት! ወንበዴዎቹ ጋ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

«እናቴን ስቀብር» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጸሐፊው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና «እግዜር ያ... ያጽናሽ» አለ፤ «እግዜር» ማለቱን ሰው ሰማ አልሰማ ብሎ ዙሪያውን አየ። ቀጥሎ እሷን አስነሣት።

ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። እኔን አላየችም።

«እኔ ቁልፍ ነው የያዝኩት» አለች። «ኖሬበት አላውቅም። ቤቱ ተዘግቶ ነው የከረመው። እንደማትመለስም ነው የሰማሁት። እህቴ ደግሞ አራስ ናት፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተደራርበን ነው ያለነው። ያመለከትኩት ለዚህ ነው። ውሸት ከተናገርኩ ይታይ።»

ጓድ ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህርት፣ ነገሩን አናርዝመው። ቤቱ ተዘግቶ ነበር ወይስ አልነበረም? ሰው ይኖርበት ነበር የምትይ ከሆነ ማስረጃሽን አቅርቢ።»

እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሷ ዋሸች ብዬ ያመጣሁት ምስክር የሚመሰክረው በእኔ ላይ ነው። ለእኔ ስትዋሽ መስኮቱን ከፍቼ ነበር አለች፤ ለቀበሌ ስትናገር ተዘግቶ ነበር አለች። እዚህ እውነተኛዋ እሷ ናት። ያ ነጭ ቡቃያ ከጋዜጣው ቢወጣ ይህ ቤት ጨለማ ነበር፣ ሰው አልገባበትም ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም።

ጸሐፊው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው በያት፣ አንድ ነገር በያት ይለኛል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ታድርበት ነበር፣ ክዳኝ ነው» ብል ግማሹ አዳራሽ ያምነኝ ነበር፤ በጥር ወር መስኮቱን ስትከፍት ያዩ ሰዎች አይጠፉም። ግን አይቼዋለሁ። ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልበትም።

«ተዘግቶ ነበር» አልኩ።

ሌላ ነገር ለመናገር አፌን ሳልከፍት የሚቀጥለው ጉዳይ ተጠራ።

በር ላይ ጠበቀችኝ። አብረዋት የነበሩትን ሴቶች «እናንተ ሂዱ» አለቻቸውና ክንዴን ያዘች።

«ተቀየምሽኝ?»

«መቼ ነው የተውሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«መስኮቱን።»

ክንዴን ለቀቀች። ከዚያ በቀስታ «እህቴ ከነልጇ የመጣች ቀን» አለች። «ጠዋት ቁልፉን ይዤ ተነሣሁ። በሩ ድረስ ደረስኩ። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ነበር ያደረው፤ የምንተኛበት የለም። ባዶ ቤት ልከፍት ልዘጋ ነው የምሄደው ብዬ ቆምኩ። ተመልሼ ገባሁ። በማግሥቱ አልወጣሁም። እንደማትመለሺም አስቤ ነበር፣ ወላዲተ አምላክን።»

«እንደምመለስ ታውቂያለሽ።»

«አንቺ አንድ ነፍስ ነሽ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንድ ነፍስ የትም ይጠጋል። እኔ ሦስት ነፍስ የት ልክተት? ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ የተማርሽው!»

  ቤቱን ብትጠይቀኝ ምን እላት እንደነበር አላውቅም፤ ያሳረረኝ ሳትጠይቀኝ መውሰዷ፣ ወስዳም አንገቴ ላይ ማልቀሷ ነው። ስለ እናቴ ያለቀስኩት ለቅሶ እሷ ትከሻ ላይ ቀረ፤ መልሼ ልወስደው አልቻልኩም።

ቤቱ ለእህቷ ተሰጠ፤ ክፍሌን አስረከብኩ። ያን ጊዜ ገርጂ ገና ማሳ ነበር፤ አንዲት ባልቴት ከበረታቸው ጋር የተያያዘች ጎጆ አከራዩኝ። ጠዋት ጭቃ እየረገጥኩ እስከ መገናኛ በእግር እሄዳለሁ። የተረፈውን ድንች በዚያ ክረምት ከጎጆዬ ጓሮ ተከልኩት። ሁለት ሦስቱ በሰበሱ፤ የቀሩት ከአፈር ወጡ። አዲሱ ቀንበጥ ወፍራምና አረንጓዴ ነበር፤ ነጩ ግን አልቆመም፣ እዚያው ደርቆ ቀረ።

መስከረም ላይ የጽዋው ተራ ለእኔ ደረሰ። ሴቶቹ ከቄሱ ጋር ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ገርጂ ድረስ በዚያ ጭቃ ማን ይሄዳል የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። እሷ ብድግ አለች።

«እኔ እደግስላታለሁ» አለች። «እሷ ቤት የላትም። እህቴ ቤት ይሁንና የእሷ ተራ ተብሎ ይቆጠርላት።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ! እህትነት ማለት ይህ ነው!» አሉ ሴቶቹ። አንዷ ጉልበቴን ነካ አድርጋ «አየሽ፣ ሰው አለሽ» አለችኝ።

በአሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ወደ ድሮዋ ክፍሌ ሄድኩ። መቅረት እችል ነበር፤ ግን ተራዬ ነው፣ ስእለትም አለብኝ። ለእኔ የደረሰኝ ቦታ ከበሩ አጠገብ ነበር። ቤቱ ሞቋል፤ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል፣ መስኮቱ መጋረጃ ተሰቅሎለታል። የበሩን ሥር አየሁ። ነፋስ ሕፃኑን እንዳይመታው ነው መሰለኝ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በምስማር መትተው ስንጥቁን ደፍነውታል። በሩ ሲዘጋ ከዚያ በኩል ክር የምታህል ብርሃን አልገባም።

ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ እንደ ወትሮው «ቂም ያለባችሁ ካላችሁ ተናገሩ፣ ካልሆነም ይቅር ተባባሉ» አሉ። ማንም አልተናገረም። እኔም። እሷ ጽዋውን ተቀብላ ጠጣች፤ ወደ ግራ አሳለፈች። ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እኔ ዘንድ ደረሰ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ጠላው ውስጥ የመጋረጃው ቀለም ይታያል። ከንፈሬን ሳላስነካ ለጎረቤቴ አሳለፍኩ።

ማንም አላየም፤ እሷ ግን አይታኛለች። ሴቶቹ መነሣት ሲጀምሩ ሕፃኑን እንደታቀፈች መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች።

«አልጠጣሽም» አለችኝ በጆሮዬ።

«አልጠጣሁም።»

ሌላ ነገር የምናገር መስሏት ጠበቀች። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ የነጠላዬን ጥለት ያዘ፤ አንገቱ ጸንቷል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቅቄ ተነሣሁ፣ በሩንም ወደ ውስጥ ስቤ ከፈትኩ። ጎማው ወለሉን ፋቅ አደረገው እንጂ የሚሰበር ነገር አልነበረም።